እንጉዳይ ያልወሰደችው የድመት መጽሐፍ

ለንስሐ አባቴ የነገርኋቸው ሌላውን ሁሉ ነው። ይህኛውን አልነገርኋቸውም። ለባሌም፣ ለእናቴም፣ አንድ አልጋ ላይ አብራኝ ላደገች እህቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ አባ ፊት ተንበርክኬ «ዋሽቻለሁ» አልሁ፤ ምን ብዬ፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን ዋጥሁት። እሳቸውም ሰው ሁሉ የሚዋሸው ዓይነት ውሸት መስሏቸው ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ። ጉልበቴ ዛለ እንጂ ነገሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል ይባላል፤ እናያለን።

የሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ የማስተምረው ቁስቋም አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ኦ ክፍል ነበር፤ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ያሉትን፣ አፍንጫቸውን ራሳቸው መጥረግ ያልጀመሩትን ማለቴ ነው። ክፍላችን ጠባብ፣ ልጆቻችን ብዙ፣ የሥዕል መጽሐፋችን አንድ። አዎ፣ ለሁለት ክፍል አንድ። ከውጭ የመጣ እንግዳ በካርቶን ካመጣልን እርሳስና ኳስ መካከል የወጣ፣ ገጾቹ እንደ ጣውላ የጠነከሩ መጽሐፍ ነበር። ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ስለሆነ ማንበብ አልቻልሁም። ሥዕሉን እያየሁ ታሪኩን ራሴ ፈጠርሁለት። አንዲት ግራጫ ድመት ዝናብ ይመታታል፤ ማደሪያ ፍለጋ ከቤት ቤት ትዞራለች። በየገጹ አንድ በር አለ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። አንዱ ቤት አልጋ ሥር ትገባና ትባረራለች፣ ሌላው ቤት ቅርጫት ውስጥ፣ ሌላው ቤት ጣራ ላይ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይከፍትላታል።

ራስን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ ያን መጽሐፍ እንደኔ የሠራበት የለም። ቀለም በሱ አስተማርሁ። ቁጥር በሱ አስተማርሁ፤ በየሥዕሉ ጥግ የተደበቁ አይጦች ነበሩና እነሱን እያደንን እንቆጥር ነበር። ላይ፣ ታች፣ ውስጥ፣ ውጭ፣ ሥር፣ ኋላ የሚባለውን ሁሉ ልጆቹ የለዩት ከዚያች ድመት ጋር እየተደበቁ ነው። ከባለሱቆች የሳሙና ካርቶን ለምኜ፣ ከግንባታ የተረፈ ቀለም ለምኜ፣ በር ሠራን። ቀይ በር፣ ሰማያዊ በር፣ ቢጫ በር። አንዱ ልጅ ድመት ሆኖ በሩን ያንኳኳል። ፈረንጁ ድመቷን ምን እንዳስባላት አላውቅም፤ እኔ ግን የአገራችንን መንገደኛ አደረግኋት።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ!»

ከውስጥ ያሉት ልጆች አንድ ላይ ይጮኻሉ፦ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቢ!»

ጩኸቱ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ጥበቃችን አያ መኳንንት «ደግሞ ዛሬ ያቺ ድመት ማደሪያ አጣች?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እንጉዳይ የመጣችው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እናቷ ጥሩወርቅ ከአዲ አርቃይ በኩል ቤት ንብረቷን ጥላ፣ ልጇን አዝላ የወጣች ሴት ናት። አንድ ዘመዷ ግቢ ውስጥ በተቀጠለች ክፍል ተጠግታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። ልጅቷ አትናገርም። ስሟን ሲጠሯት ጥግ ትይዛለች፤ ምሳዋን እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትበላው። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። አንድ ቀን ያለ ተራዋ ተነሥታ ቀዩን በር በእጇ ደበደበችና «ቤቶች!» ብላ ጮኸች። በዚያ በቆላው ዜማዋ። ቀጥሎ ልጆቹ ከሌላ ጊዜው ሁሉ አብልጠው «ቤት የእግዜር ነው!» አሏት። ከዚያ ወዲያ ድመት ካልሆንሁ ብላ የምታስቸግር እሷ ሆነች። ያን ቀን አልቅሻለሁ፤ ይህንን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ የፈታሁትን አንደበት መልሼ የዘጋሁ እኔ እንደሆንሁ እንድታውቁት ነው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልግ ነበር። ማመልከቻ አስገባሁ። ቅዳሜ መጥተሽ ልጆች ፊት አስተምረሽ አሳይን አሉኝ። ምን ይዤ ልሂድ? ያለ ድመቷ እኔ ምንድን ነኝ? መጽሐፉን ከግቢ ማውጣት ደግሞ ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣነውም እኛው አስተማሪዎቹ ነን፣ አንድ ስለሆነ። ርዕሰ መምህርቷን እትዬ አበበችን እንዳልጠይቅ፣ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰው አጥተው የተቸገሩ ጊዜ፣ በዓመቱ መካከል ጥያቸው ልሄድ መሆኔን በምን አፌ ልንገራቸው? ዓርብ ከሰዓት ልጆቹ ሲወጡ ከሣጥኑ አነሣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። እንጉዳይ እናቷ ዘግይታባት ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ነበር። ተኝታለች ብዬ አለፍኋት። ሰኞ እመልሰዋለሁ አልሁ። የሌባ ሁሉ ሐሳብ እንደዚህ ነው የሚጀምረው፤ እመልሰዋለሁ።

ቅዳሜ ቀናኝ። እንዲያውም በጣም ቀናኝ። ሐሙስ ባለቤቱ ራሳቸው ይዩሽ፣ ያችኑ ድመት ይዘሽ ነይ ተባልሁ። ስለዚህ ሰኞ አልመለስሁትም። ሰኞ ደግሞ የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ፈለገችው። ሣጥኑ ተገለበጠ፣ ምንጣፉ ተነሣ። እትዬ አበበች አስተማሪዎቹን ሰብስበው «ድመቷን ያየ አለ?» አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። በቤቴ ናት፣ ይቅርታ፣ ብል ምን እሆን ነበር? ይቆጡኝ ነበር። አፍር ነበር። በቃ። አፌ ግን ቀድሞኝ «ኧረ አላየሁም» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው ያን ቃል ላለመመለስ ነው።

አያ መኳንንት በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበርና «ምነው በዚህ ትጨነቃላችሁ? በኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭ ነው። ወፍ ታወጣዋለች» አሉ።

አውጫጭ ምን እንደሆነ የጎንደር ገጠር የሚያውቅ ሰው አይነገረውም፤ ለማያውቅ ግን ልበል። መንደር ውስጥ ስርቆት ሲሆን ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ሽማግሌ ይቀመጣል። ሰው በየተራ ወደ ሽማግሌው ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሮው ይናገራል፤ «አየሁ» ግን አይልም፣ «ወፌ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ወፍ የማን እንደሆነች አይጠየቅም። የተናገረ ሰው ማንነቱ አይወጣም፤ ወፍም ተናግራ ከሄደች በኋላ ነገሯ ሽማግሌው ጋ ይቀራል። ደም እንዳይቃባ የተበጀ ብልሃት ነው።

እትዬ አበበች ሳቁና ወደኔ ዞሩ። «አንቺ መቼም ሁሉን ጨዋታ ታደርጊዋለሽ፣ እስቲ ከልጆቹ ጋር ሞክሪው። ከነሱ አንዱ ወስዶት ሊሆን ይችላል» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ይህንን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ደስ አለኝ። ሕፃናት ምን ያውቃሉ? ወፎቻቸው ይንጫጫሉ፣ ምንም አይገኝም፣ እኔም ፈልጌ ያጣሁ እመስላለሁ፣ ዓርብ መጽሐፉን ከካርቶን በሮቹ መካከል አስገብቼ «ኧረ እዚህ ነበር» እላለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብሁት። የመንደር ሽማግሌ እውነት ለማውጣት የሚቀመጥበትን ወንበር እኔ እውነት ልደብቅበት ተቀመጥሁበት።

ቀዩን የካርቶን በር ጥግ ላይ አቆምሁና ከኋላው ተቀመጥሁ። ልጆቹን አሰልፌ ሕጉን ነገርኋቸው። ወፍህ የነገረችህን ለኔ ብቻ፣ በጆሮዬ። ከበሩ ከወጣህ በኋላ ለማንም አይነገርም። ለጓደኛ አይነገርም፣ ለእናት አይነገርም፣ ለእትዬ አበበችም አይነገርም። የተናገረ ወፉ ጥላው ትሄዳለች። አፋቸውን በመዳፋቸው አስከድኜ አስለመድኋቸው። ትእዛዝ ማክበር እኮ ትምህርት ነው፤ እሱንም እያስተማርሁ ነበር።

እየገቡ መጡ። የአንዱ ወፍ «ርቦኛል» አለች። የአንዷ ወፍ አጎቷ ባጃጅ ገዝቷል አለች። የሌላው ወፍ ድመቷ ራሷ ተነሥታ አይጥ ልታድን ሄዳለች አለች። አንዱ ወፉን ረስቶ ቤት እንደተዋት ነግሮኝ አለቀሰ። ሳቄን አፍኜ እየተቀበልሁ እያለ እንጉዳይ ገባች።

ጆሮዬ ላይ ተለጠፈች። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር። «ወፌ ድመቷን አየኋት አለች» አለችኝ። «ቲቸር ቦርሳ ውስጥ ገባች። ቲቸር ቤቷ ወሰደቻት። አሳደረቻት።»

ከዚያም ፊቴን ልታይ ወደ ኋላ አለችና ፈገግ አለች። አልከሰሰችኝም። ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ድመቷ ማደሪያ አገኘች፣ ያውም ቲቸር ቤት። ልጅቷ ያመጣችልኝ የምሥራች ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሞቴን ነው።

ምን አሰብሁ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ይህች ልጅ ታወራለች አልሁ። ዛሬ ባታወራ ነገ ታወራለች አልሁ። እሷ ቀድማ ከተናገረች አለቀልኝ፤ እኔ ከቀደምሁ ግን የሕፃን ነገር ማን ይሰማል? ይህን ያሰብሁ እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳሳተኝ ማለት እችል ነበር፤ አገሩ ሁሉ የሚለው እሱን ነው። እኔ ግን ሰይጣንን እዚያ ክፍል ውስጥ አላየሁትም። ያለነው እኔና የአምስት ዓመት ልጅ ነበርን።

ከበሩ ኋላ ስወጣ እትዬ አበበች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የመጡት ጨዋታውን ለማየት ነበር። «እህ፣ ወፏ ምን አለች?» አሉኝ እየሳቁ።

«እንጉዳይ ናት የወሰደችው» አልሁ።

ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። አንዱ «ሌባ!» አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ አንድ ላይ መጮህ ያስለመድኋቸው እኔው ነኝ። እንጉዳይን አየኋት። እሪ ትላለች፣ «ውሸት ነው፣ አንቺ ነሽ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ልጅቷ መዳፏን አንሥታ አፏን ከደነች። ወፏ እንዳትሄድባት። ትእዛዜን ከዚያ ክፍል ሁሉ አጥብቃ የጠበቀችው እሷ ናት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋው ግን አፍ የለውም። እሷ አፍ ነበራት፤ ያስያዝኋት እኔ ነኝ።

ጥሩወርቅ ተጠራች። ርዕሰ መምህርቷ በደግነት ነበር የነገሯት፤ ልጅ ናት፣ ይመልሱልንና ይብቃ። ጥሩወርቅ መሬት መሬት እያየች ሰማችና «የኛ ዘር ሌባ የለበትም። ዱርዬ መንደር አስገብቻት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። አገሯን ያጣች ሴት ናት። የቀራት ስሟ ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። እንዲያውም «አይዞሽ፣ አትቆጫት» ብያታለሁ። አዎ፣ ይህንንም ብያለሁ።

በማግሥቱ ልጅቷን እየጎተተች መጣች። የእንጉዳይ ዓይኖች አብጠው ተደፍነዋል፤ አፍንጫዋ ተልጧል። በርበሬ አጥናታለች። ያደግንበት ቅጣት ነው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሳት ላይ በርበሬ ነስንሶ የልጅን ራስ በነጠላ ሸፍኖ ጢሱ ላይ መያዝ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ አልተናገረችም አሉ። ሲብስባት ግን «ወስጃለሁ» አለች። የት አደረግሽው ስትባል «አልጋ ሥር» አለች። እናት አልጋውን ገለበጠች፣ የለም። ደግማ አጠነቻት። «ቅርጫት ውስጥ» አለች። ቅርጫቱ ተደፋ። «ጣራ ላይ» አለች። ጥሩወርቅ በጨለማ፣ በዝናብ ጣራ ላይ ወጥታ ቆርቆሮውን በእጇ ዳበሰች። «በርሜል ኋላ» አለች። ልጅቷ ቦታ የምታውቀው ከኔ የተማረችውን ነበር። ላይ፣ ሥር፣ ውስጥ፣ ኋላ። አንዱንም አልሳተችም። ያስተማርኋትን ሁሉ በትክክል መለሰችላት።

«ታሾፍብኛለች» አለች እናቷ። «እንግዲህ ምን ላድርጋት? እናንተው ንገሩኝ።»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። መጽሐፉ ቤቴ ነበር፣ ቤቴም ሩቅ አይደለም። ሮጬ ባመጣው ጠዋቱ ሳያልቅ ሁሉም ይፈታ ነበር። አልተናገርሁም። ሐሙስ አልደረሰማ! የሰው ልጅ ዓይን እንደዚያ አብጦ እያየሁ ስለ ሐሙስ አስብ ነበር።

ሐሙስ ሄድሁ፣ አስተማርሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ተቀጠርሁ። በዚያው ሳምንት ጥሩወርቅ ልጇን ከትምህርት ቤት አውጥታ ወንድሟ ዘንድ ዛሪማ ላከቻት። «እዚህ ሌባ ተብላ ከምታድግ እዚያ ከብት ታግድ» ብላ።

ለምን በኋላ አልመለስሽውም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። አንድ ጠዋት በቦርሳዬ ይዤው ሄድሁ። ለሣጥኑ አዲስ ቁልፍ ተገዝቶለታል፤ ቁልፉም እትዬ አበበች አንገት ላይ ነው። አያ መኳንንትም በር ላይ ቦርሳ መፈተሽ ጀምረዋል፤ የኔን ግን «አንቺንማ!» ብለው ሳያዩት አሳለፉኝ። ያ «አንቺንማ» ከዱላ የከፋ ነበር። ተመልሼ ይዤው ወጣሁ። በአጥር መወርወር እችል ነበር፣ በሰው መላክ እችል ነበር፣ ለፍርሃቴ ግን ሰበብ ሞልቷል። ባገኙት ጊዜ ማን መለሰው ይባላል፣ ወፏ ምን ነበር ያለችሽ ተብዬ እጠየቃለሁ፣ እያልሁ ወሩ አለቀና ለቅቄ ሄድሁ።

አዲሱ ቦታ ሸጋ ነው። ምንጣፉ ንጹሕ፣ ልጆቹ ጥቂት፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ሙሉ። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የቀጠሩኝ ለድመቷ ነው! የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር ድመቷ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ድመቷ። «ዘንድሮ እንኳ ሌላ እንሞክር» ስል ዳይሬክተሩ «ያንቺን ድመት የሚያህል የታለ?» ይለኛል። ካርቶኑ ቀርቶ በጣውላ በር አሠሩልኝ። ከሌላ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ይመጡና አንድ መጽሐፍ እንዴት ሁሉን ያስተምራል የሚለውን ከኔ ይማራሉ። በሽፋኑ ጀርባ የድሮው ትምህርት ቤት ማኅተም ነበረበት፤ አበባ ያለበት ወረቀት ለጥፌ ሸፈንሁት። ሙጫው በየክረምቱ ይለቃል፣ ሐምራዊው ማኅተም ይወጣል፣ እኔም ሌላ አበባ እለጥፋለሁ። አንድ ልጅ «ጣራ ላይ» ብሎ በመለሰ ቁጥር «ጎበዝ» እላለሁ። ጎበዝ ስል ጥሩወርቅ ቆርቆሮውን ስትዳብስ ይታየኛል። ልጆቹ አያውቁም። ወላጆች ያጨበጭባሉ። መውጫ በር የሌለው ቤት የሠራሁት ለራሴ ነው፤ ሥራዬን ባቆም ለምን እባላለሁ፣ ብቀጥል ይኸው።

እስከዚህ ያለውን ይዤ እሞት ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን የተፈጠረው ግን አላስቀመጠኝም።

ዘንድሮ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ በሚገባበት ሰሞን ነው። የክረምት ሥልጠና ላስተማሪዎች ልሰጥ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እዘጋጃለሁ። በሩ ተንኳኳ። ወጣሁ። ዝናቡ ሳያባራ ጥሩወርቅ ደጄ ላይ ቆማለች። ከስታለች። ከኋላዋ አንዲት ቀጭን፣ ቁመቷ የተመዘዘ ልጅ አለች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች፤ ጫንቃዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ትንሽ ድንጋይ ነው፣ የዳቦ ያህል። በሁለት እጇ ደግፋዋለች። በደለኛ ሰው የበደለውን ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ትልቅ ሰው፣ ነፍስ ያጠፋ እንኳ፣ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣው። ልጅ ተሸክማ አይቼ አላውቅም ነበር።

«መምህርት፣ እንደምን ከረሙ?» አለች ጥሩወርቅ። «ከዛሪማ ያመጣኋት ለፍልሰታ ላቆርባት ነው። ታርቀሽ ካልሆነ ሥጋ ወደሙ አያቀብሉሽም አልኋት። እትዬ አበበች ዘንድ ሄድን፣ ማሩን። የቀሩት እርስዎ ነዎት። አሁን ሸጋ ልጅ ሆናለች፣ የሰው ዕቃ በእጇ አትነካም። ይማሩልኝ።»

ግቡ አላልኋቸውም። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በሩን ወደ ኋላዬ ገፋ አድርጌ፣ ገላዬን መዝጊያ አድርጌ ቆምሁ። ዝናቡ ልጅቷ ጀርባ ላይ ይወርዳል።

እንጉዳይ ቀና አለች። ዓይኗን ፈለግሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የምፈራው ያንን ዓይን ነበር። ታውቂያለሽ አይደል፣ ልትይኝ ነው አይደል፣ ብዬ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ እንድትለኝ ተመኘሁ። እናቷ ፊት፣ ጮክ ብላ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር እንድትለኝ። ዓይኗ ውስጥ ግን ምንም የለም። ቂም የለም፣ ምሥጢር የለም። እፍረት ብቻ ነው ያለው። ያጠፋ ልጅ እፍረት።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ እናቷ ያላስጠናቻትን፣ ከራሷ አውጥታ፦ «የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ እንጂ አመጣልዎ ነበር። ብዙ ፈለግሁት።»

ልጅቷ ረስታዋለች። አምናለች። በርበሬው፣ ስሙ፣ «ሌባ» የሚለው ጩኸት፣ የዓመታት ተግሣጽ ያን ዓርብ ያየችውን ከውስጧ አጥፍተው፣ ባዶውን ቦታ የኔን ውሸት ሞልተውበታል። ልጅቷ መጽሐፉን እንደ ሰረቀች ታስታውሳለች። የት እንደ ደበቀችው ብቻ ነው የማታስታውሰው።

እኔም ምን አደረግሁ? ድንጋዩን ከጫንቃዋ አነሣሁና «ይቅር ለእግዜር። ይቅር ብዬሻለሁ» አልኋት።

ጥሩወርቅ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እግዜር ይስጥዎ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፣ የልጅ እናት ያድርግዎ። ምርቃቱን ሁሉ አሜን ብዬ ተቀበልሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁልቁል ሲወርዱ ልጅቷ እየዘለለች ነበር፤ ሸክሟ ቀልሎላት።

ይህን ስጽፍ ፍልሰታ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት የቅዳሴውን ደወል እሰማለሁ። ጾሙ እስኪፈታ እዚሁ ዘመዳቸው ቤት ናቸው፤ በእግር ብሄድ ቅርብ ነው፣ ዝናቡ ራሱ ሳያረጥበኝ እደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ዛሪማ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ አውቄም ቁጭ ብዬ ለእናንተ እጽፋለሁ። ሄጄ እንደ ነገርኋቸው ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሄድሁም። ነገ እሄዳለሁም አልላችሁም፤ እመልሰዋለሁ ማለት የት እንዳደረሰኝ አይታችኋል።

ልጅ ነበርሁ አልልም፣ ትልቅ ሰው ነበርሁ። ችግር ነው አልልም፣ አልተራብሁም። ሳላውቅ ነው አልልም። አውቄ፣ አስልቼ፣ ከካርቶን በር ኋላ ተቀምጬ በአንዲት ሕፃን ላይ ሌባ የሚል ስም አወጣሁ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ የበደልሁት እናንተን አይደለም። የበደልኋት ልጅ ደግሞ ምን እንዳደረግኋት አታውቅም።